የካምፐር ውሃ መስመር ለዊንተር፦ አየር፣ ፒንኩ አንቲፍሪዝ፣ ወይስ ሁለቱም?

ዳሞት_26

ሰላም ለዚህ ቤት። 26 ጫማ ተጎታች ካምፐር ነው፤ አውሮራ ኮሎራዶ፣ ውጭ ቆሞ እስከ ኤፕሪል የሚቀመጥ። ቦይለሩ ሰበርባን የሚባለው ሥሪት፣ 6 ጋሎን፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ። የውጭ ሻወር አለው፤ ልብስ ማጠቢያ የለውም፤ ፍሪጁም በረዶ አይሠራም። ጥያቄዎቼ፦ መቼ ነው መሠራት ያለበት? ስንት ጋሎን አንቲፍሪዝ ይበቃል? ደግሞ ግማሹ ሰው «በኮምፕሬሰር ነፍተህ ተገላገል» ይላል፣ ግማሹ «ፒንኩን ካላስገባህ ስፕሪንግ ላይ ታለቅሳለህ» ይላል። ማንን ልስማ?

ጋሽ_ቧንቧ

መቼ ለሚለው፦ ዴንቨር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል። አማካይ ነውና አትመነው። በ2020 ሴፕቴምበር 5 ቀን 101 ፋራናይት የነበረች ከተማ፣ በዚያው ወር በ8 በረዶ ወርዶባታል። ወደ ኢስተስ ፓርክና ወደመሳሰሉት ከፍታዎች የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ሴፕቴምበርን ሙሉ ተጠንቀቅ። ትንበያው ሌሊቱን ለብዙ ሰዓት ከ28 በታች ይውላል ካለ መስመሩ ባዶ ሆኖ ማደር አለበት። 31 ነክቶ የሚመለስ ሌሊት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ብዙም አይነካውም፤ ውጭ የተዘረጋውን ጎማና የውጭ ሻወሩን ግን ይነካል።

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የካምፐር ቧንቧ ፔክስ (ተለጣጭ ፕላስቲክ) ስለሆነ ትንሽ ይለጠጥና አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሚሰነጠቁት ደረቅ ፕላስቲኮቹ ናቸው፦ ጎሚቶዎቹ፣ የፓምፑ ራስ፣ ከፓምፑ በፊት ያለችው ማጥለያ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ቫልቭ፣ የውጭ ሻወሩ መክፈቻ። ደግሞ ሁልጊዜ በረዶው የያዘበት ቦታ አይደለም የሚፈነዳው። በረዶው እያደገ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደተዘጋው ቧንቧ ይገፋዋል፤ ያ ውሃ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ያገኘውን ደካማ መጋጠሚያ ይከፍለዋል።

አየር ወይስ ፒንክ ለሚለው መልሱ ያለው የፍተሻ ቫልቮቹ ጋ ነው። የከተማ ውሃ መግቢያው (ከውጭ የሚመጣው ጎማ የሚታሰርበት) ላይ አንድ አለ፤ የፓምፑ መውጫ ላይ ሌላ አለ። ሁለቱም ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ። አየሩን ከከተማ መግቢያው ስታስገባ የፓምፑ ቫልቭ ስለሚያግደው ወደ ፓምፑ ራስና ወደ ማጥለያው አይደርስም፤ እዚያ ያለው ውሃ እንዳለ ይቀራል። ፒንኩን በፓምፑ ስትስበው ደግሞ የከተማ መግቢያው ቫልቭ ስለሚያግደው እዚያች አጭር ጉሮሮ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀራል። የሽንት ቤት ታንከር ማጠቢያው መስመር ለብቻው የተዘረጋ ስለሆነ ሁለቱም አይደርሱበትም። እንግዲህ «የቱ ይበልጣል» ከማለት «የትኛው የት አይደርስም» ብለህ ጠይቅ። ለኮሎራዶ ክረምት መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ፒንክ።

ለአንተ ካምፐር ቦይለሩ ተዘልሎ ለመስመሩ ከ2 እስከ 3 ጋሎን፣ ለሲንኮቹ መውረጃና ለቆሻሻ ታንከሮቹ 1 ጋሎን። 4 ግዛ።

ሁሉም ሥራ የሚጀምረው ከቦይለሩ ነው። የኤሌክትሪኩን ማሞቂያ በሁለት ቦታ አጥፋ፦ ውስጥ ባለው ማብሪያና ማጥፊያ፣ ከዚያ ከውጭ በሩን ስትከፍት ታች በግራ በኩል ባለችው ትንሽ ማጥፊያ። ብሬከሩንም ጣለው። ባዶ ታንከር ውስጥ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ስፕሪንግ ላይ «ጋዙ ይሠራል፣ ኤሌክትሪኩ እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ቆይ። የከተማ ውሃውን ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን ልቀቅ። ይህን ሳታደርግ ቡሹን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ነው የሚቀበለው።

የሰበርባን ቡሽና አኖዱ (ታንከሩን ከዝገት ለማዳን ራሱ የሚበላው ዘንግ) አንድ ላይ ናቸው፤ 1 1/16 ኢንች ቡሶላ ከማራዘሚያ ጋር ይፈልጋል። ስታወጣው ከላይ ያለውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ማንሻ አንሣው፤ አየር ሲገባ ውሃው ቶሎ ይወርዳል። ከቡሹ ቀዳዳ በታች ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ቢረጋም ጉዳት የለውም። አኖዱን እይ፦ ሦስት አራተኛው ተበልቶ ውስጡ ያለው ሽቦ ከታየ ቀይረው። በቀጭን ማጠቢያ ቱቦ ታንከሩን ከውስጥ አጥበህ ነጩን ዝቃጭ አውጣው። አትዉድ የሚባለው የቦይለር ሥሪት ያላችሁ፦ የእናንተ ታንከር አሉሚኒየም ነው፤ አኖድ የለውም፣ ፕላስቲክ ቡሽ ነው ያለው፣ እሱን አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ጥርሱ ይበላሻል።

ሮኪ_ሜካኒክ

ጋሼ ቦይለሩን ስለጨረሱት እኔ ከአየሩ ልቀጥል።

ከአየሩ በፊት በክብደቱ የሚወርደው ይውረድ። የንጹህ ውሃ ታንከሩን መክፈቻ ክፈት። ከወለሉ ሥር ሁለት ማፍሰሻዎች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱንም ክፈት። ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ ክፈት፣ የሽንት ቤቱን ፔዳል ርገጥ። ታንከሩ ባዶ ሲሆን ፓምፑን ጥቂት ሴኮንድ አስነሣው፤ ራሱ ውስጥ ያለውን ይተፋል። ከዚያ በላይ ደረቁን አታስኪደው።

የውሃ ማጣሪያ ካለህ ካርትሪጁን አውጥተህ ጣል፣ ቤቱን ባዶውን መልሰህ እሰረው። ፒንክ የገባበት ካርቦን ማጣሪያ ለምንም አይሆንም።

አሁን ማፍሰሻዎቹን ዝጋ፣ ቧንቧዎቹን ዝጋ። የቦይለሩን ባይፓስም (ውሃው ቦይለሩን ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርጉትን ቫልቮች) አሁኑኑ አዙር። ቡሹ ወጥቶ ባይፓሱ ካልዞረ አየሩ በሙሉ በቦይለሩ ቀዳዳ ይወጣል፤ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ቧንቧዎቹ ላይ ምንም የለም። «ኮምፕሬሰሬ አቅም አነሰው» የሚባለው ግማሹ ይኼ ነው።

የመንፊያ ቡሽ የምትባል ትንሽ መጋጠሚያ አለች፤ ካምኮም ሌሎችም ይሠሯታል፤ የከተማ ውሃ መግቢያው ላይ እንደ ጎማ ትታሰራለች። የኮምፕሬሰሩን ማስተካከያ ከመግጠምህ በፊት 40 ፒኤስአይ ላይ አድርገው። ከ50 አትለፍ። ከፍ ያለ ግፊት ውሃውን ቶሎ አያወጣውም፤ መጋጠሚያውን ነው የሚያወጣው።

የጎማ መንፊያዋ ትንሿ 12 ቮልት ፓምፕ አትሆንም። ግፊቱን ታመጣዋለች፣ የአየሩን ብዛት ግን አታመጣውም፤ ውሃው ላይ ታልፋለች እንጂ አትገፋውም። 6 ጋሎን ታንከር ያላት ኮምፕሬሰር በቂ ናት፤ በየመሀሉ እስክትሞላ ትጠብቃታለህ።

ከኮምፕሬሰሩ በጣም ከሚርቀው ቧንቧ ጀምር። አንድ ብቻ ክፈት፤ መጀመሪያ ውሃ ይመጣል፣ ቀጥሎ ይተፋል፣ በመጨረሻ ጉም ይሆናል። ጉም ሲሆን ዝጋ። ቀዝቃዛውን ጨርሰህ ወደ ሙቁ እለፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቧንቧ። ሻወሩን፣ የሽንት ቤቱን፣ ከሽንት ቤቱ ጎን የምትንጠለጠል የእጅ መርጫ ካለችህ እሷን፣ የውጭ ሻወሩን ሁለቱንም እጀታ። በመጨረሻ ሁለቱን ማፍሰሻዎች በየተራ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ተወውና እንደገና ከመጀመሪያው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቀረው ውሃ ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ሁለተኛው ዙር ያንን ነው የሚያወጣው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም እሱኑ ነው።

የሽንት ቤት ታንከር ማጠቢያ መግቢያ ካለህ መንፊያዋን ወደዚያ አዛውረህ ለብቻው ንፋው። የታንከሩ መልቀቂያ ክፍት መሆኑን አረጋግጥ።

ጋሽ_ቧንቧ

ሮኪ ጥሩ አስቀምጦታል። ፒንኩ እንዲህ ነው።

ጋሎኑን ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን አንብብ። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚል ፈልግ። ርካሾቹ ኢታኖል የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ይሸታሉ፣ ጎማ ማኅተሞችን ያደርቃሉ፣ እሳትም ይይዛሉ። ለመኪና ራዲያተር የሚሆነውን ግን በጭራሽ እንዳታስገባ፤ ኢቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ከመሬት ልሶት ይሞታል።

ጋሎኑ ላይ የተጻፈው −50 ቧንቧ የማይፈነዳበት ልክ ነው፤ የማይረጋበት ልክ አይደለም። ከዜሮ ፋራናይት በላይ እያለም እንደ ተፈጨ በረዶ ሊወፍር ይችላል፤ ያ ችግር የለውም፣ ለስላሳ ስለሆነ አይገፋም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሳይቀጥን ነው። ውሃው ሳይነፋ ፒንክ ያስገባ ሰው ቀለሙን አይቶ ሥራውን ይጨርሳል፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግን ግማሹ ውሃ ነው። ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ በውሃ ተቀላቅሎም ፒንክ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ኩባያ ያዝ፤ ከቧንቧው የወጣውን ከጋሎኑ ከቀዳኸው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስተያይ። እኩል እስኪሆኑ ድረስ አትዝጋ። ሪፍራክቶሜትር (ፒንኩ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው የበለጠ ያውቃል፤ የፕሮፒሊን መለኪያ ያለበትን ግን ያንብብ።

ባይፓሱ ባለሦስት ቫልቭ ከሆነ የቀዝቃዛው መግቢያ ይዘጋል፣ የሙቁ መውጫ ይዘጋል፣ መሀል ያለው ይከፈታል። እጀታው ከቧንቧው ጋር ከተጋደመ ክፍት፣ ከቆረጠው ዝግ። ባለአንድ ቫልቩ ሙቁ መውጫ ላይ ባለ የፍተሻ ቫልቭ ነው የሚታመነው፤ እሱ ካረጀ ፒንኩ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል።

ፓምፑ አጠገብ ወደ ባዶ ጫፍ የሚሄድ አጭር ጎማና የሚዞር ቫልቭ አለ። ቫልቩን አዙር፣ ጎማውን ጋሎኑ ውስጥ ክተት፣ ፓምፑን አስነሣ። አሁን ከቅርቡ ጀምር፤ እያንዳንዱን ቧንቧ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ከዚያ ሙቁን። የሽንት ቤቱን ፔዳል ርገጥና ፒንኩ ሳህኑ ውስጥ ይቁም፤ የታችኛው ጎማ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ማፍሰሻዎቹንም ለአፍታ ከፍተህ ፒንክ ሲመጣ ዝጋ።

ለከተማ መግቢያው፦ ፓምፑን አጥፋ፣ አንድ ቧንቧ ከፍተህ ግፊቱን አውርድ፣ እንደገና ዝጋ። የመግቢያውን ወንፊት በፒንሳ አውጣ። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ተጫናት፤ ትንሽ ፒንክ ይወጣል፣ አለቀ። ግፊቱን ሳያወርድ የሚጫን ሰው ጎማዋ ቀለበት ከቦታዋ ትወጣበታለች፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ከዚያ ይፈስሳል።

የሲንኮቹና የሻወሩ መውረጃ ውስጥ ባለው ቁልምም ውሃ ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ኩባያ አፍስስ። ለሁለቱ የቆሻሻ ታንከሮች አንድ አንድ ሊትር ያህል፤ መልቀቂያው ላይ ያለችው ምላጭ እንዳትጣበቅ። ታንከሮቹ ግን አስቀድመው ተደፍተው መታጠብ አለባቸው።

ፒንኩን ንጹህ ውሃ ታንከር ውስጥ አትጨምሩ። ታንከሩ ባዶ ከሆነ በቃው። ጣዕሙ ለወራት አይለቅም የሚሉት እዚያ ያፈሰሱት ናቸው።

ዳላስ_ካምፕ

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጋሼ፣ እዚህ ቴክሳስ ሁለቱንም ማድረግ ማባከን ነው። አየር ብቻ በቂ ነው፤ ስፕሪንግ ላይ ፒንክ ማጠብም አይኖርም።

ሮኪ_ሜካኒክ

ወንድሜ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ 2021 ዳላስ ፎርትወርዝ ኤርፖርት ላይ −2 ፋራናይት ነበር። «እዚህ አይቀዘቅዝም» የሚል ሒሳብ ያን ሳምንት ነው የፈረሰው።

ለቀላል ብርድ አየር ብቻ ይሆናል፣ አልቃወምህም። ግን ሦስት ነገር ጨምርበት፦ የፓምፑን ማጥለያ ፈትተህ ብርጭቆዋን ባዶ አድርጋት፤ የፓምፑን መግቢያና መውጫ ጎማ አላቅቀህ ራሱን አስተንፍሰው፤ የመውረጃዎቹን ቁልምም ደግሞ ያው ፒንክ አድርግበት። እነዚህን የማያደርግ «አየር ብቻ» ሰው መስመሩን አድኖ ፓምፑን ይገዛል።

ዳላስ_ካምፕ

የፓምፑን ማላቀቅ ተቀብያለሁ። እሱን ለማድረግ አልጋ ሥር ከመግባት ግን አንድ ጋሎን ፒንክ ይሻላል።

ፀሐይ_ቡናትራክ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ቧንቧ። የእኔ ጥያቄ ካምፐር አይደለም፣ የምግብ ትራክ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች የሚቆም። ባለሦስት ክፍል ማጠቢያ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ 40 ጋሎን ንጹህ ውሃ፣ 4 ጋሎን የኤሌክትሪክ ቦይለር ከሲንኩ ሥር፣ አንድ የኤስፕሬሶ ማሽን። ባይፓስ የሚባል ነገር አላየሁም። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ_ቧንቧ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ሐሳቡ ያው ነው፣ ዕቃዎቹ ግን ይለያሉ።

ከሲንክ ሥር የሚገቡት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ቦይለሮች ለቤትና ለቢሮ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ የታች ማፍሰሻ የላቸውም፤ መግቢያውም መውጫውም ከላይ ነው። ሶኬቱን ንቀዪ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ ሁለቱን ጎማዎች ፍቺና ቦይለሩን አውርደሽ ገልብጠሽ አፍስሺው። ከዚያ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ አጭር ጎማ እርስ በእርስ አገናኚያቸው፤ ያ ባይፓስሽ ነው። ቦይለሩን ሳታወርጂ ፒንክ መሙላትም ይቻላል፣ ግን 4 ጋሎን ተጨማሪ ይበላል፤ የቀረው ውሃም ያቀጥነዋል።

የኤስፕሬሶ ማሽኑ ውስጥ ፒንክ እንዳይገባ። ከመስመሩ አላቅቂው፣ ቦይለሩን በአምራቹ መመሪያ መሠረት አፍስሺ፣ ከተቻለ ማሽኑን አውጥተሽ ቤት ውስጥ አስቀምጪው። ውስጡ ያሉት ቫልቮችና ፓምፑ ጥቂት ጠብታ ቢቀርባቸው ይሰነጠቃሉ፤ ለመጠገንም ውድ ነው። የማለስለሻ ማጣሪያውንም አውጪው።

ባለሦስት ክፍሉ ማጠቢያ መውረጃዎቹ አንድ ቁልምም ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ጎንበስ ብለሽ እይና በቁልምሞቹ ቁጥር ፒንክ አፍስሺ። የስብ ማጥመጃ ካለው ተከፍቶ ይጸዳ፤ ስብና ውሃ ተቀላቅሎ የረጋበት ሳጥን ስፕሪንግ ላይ ከባድ ሥራ ነው። የቆሻሻ ውሃ ታንከርሽ በደንቡ ከንጹሁ 15 በመቶ የሚበልጥ ስለሆነ ተደፍቷል ሲሉሽም ጥቂት ጋሎን ታች ሊቀር ይችላል፤ ትራኩን ወደ መልቀቂያው በኩል ዘንበል አድርጊው።

በአንቺ ትራክ ኢታኖል ያለበትን በፍጹም አትግዢ። ማርች ላይ ደግሞ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት መስመሩ በክሎሪን መታጠብ አለበት፤ የካውንቲው ጤና ቢሮ ከዚህ በላይ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ቀድመሽ ጠይቂ።

ፀሐይ_ቡናትራክ

እግዜር ይስጥልኝ። ቦይለሩ መለያው ላይ ከታች ማፍሰሻ የለውም፣ ልክ ብለዋል። አወርደዋለሁ።

ዳሞት_26

አየሩ አልቋል። ፒንኩ ላይ ሁለት ነገር ገጥሞኛል። አንደኛ ፓምፑ ይዞራል፣ ጋሎኑ ግን አይቀንስም። ሁለተኛ ትንሽ ሲስብ ቀዝቃዛው ቧንቧ ፒንክ ሰጠ፣ ሙቁ ግን ምንም አይሰጥም።

ሮኪ_ሜካኒክ

ሁለቱም የታወቁ ናቸው።

ፓምፑ፦ አየር እየሳበ ነው። የማጥለያው ብርጭቆ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ፓምፑ ሲሠራ እየው፤ አረፋ ካየህ አየሩ ከእሱ በፊት ነው የሚገባው። ተራ በተራ፦ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ዞሯል ወይ (ግማሽ ከሆነ ከባዶው ታንከር አየር ይስባል)፤ የጎማው ማሰሪያ ጠብቋል ወይ፤ የማጥለያው ክዳን ጎማ ቀለበት ቦታዋ ላይ ናት ወይ፤ የጎማው ጫፍ ጋሎኑ ታች ደርሶ በጎኑ ተደፍኖ ይሆን ወይ። ጫፉን በሰያፍ ቁረጠው፣ ከታች ጋር አይጣበቅም። አሁንም እምቢ ካለ ጋሎኑን ከፓምፑ ከፍ አድርገህ ያዘው፤ አንዴ ከያዘ ይስባል።

ሙቁ፦ የጋሽ ቧንቧን ባለሦስት ቫልቭ መልሰህ አንብብ። መሀሉን ሳትከፍት ሁለቱን ብቻ ዘግተህ ከሆነ ወደ ሙቁ የሚወስድ መንገድ የለም። ሁለቱን ካልዘጋህ ደግሞ ፒንኩ በቀጥታ ወደ ቦይለሩ እየገባ ነው፤ የቦይለሩ ቡሽ ክፍት ከሆነ መሬት ላይ ታየዋለህ፣ ከተዘጋ 6 ጋሎን ሳይሞላ ሙቁ ጋ አይደርስም።

ጋሽ_ቧንቧ

ሦስተኛም አለ። የውጭ ሻወሩ ሁለት እጀታዎች ክፍት ሆነው ራሱ ላይ ባለችው ቁልፍ ብቻ ከተዘጋ፣ ቀዝቃዛውና ሙቁ እዚያ ይገናኛሉ። ፒንኩ በዚያ በኩል ወደ ሙቁ መስመር ዞሮ ይገባና ገና ሳይነካ «ፒንክ መጣ» የሚያሰኝ የሐሰት ምልክት ይሰጣል። በጋ ላይ ሙቅ ውሃው ለብ ብሎ የሚመጣባቸውም ሰዎች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እጀታዎቹን ዝጋ፣ ጎማውን ፈትተህ ውሃውን አራግፍ፣ ጎማውን ቤት አስገባው።

ዳሞት_26

መሀለኛው ቫልቭ ነበር። ማሰሪያውም ላልቶ ነበር። አሁን ሁለቱም ይሰጣሉ፤ ቀለሙ ከጋሎኑ ጋር እኩል ነው። እስካሁን 2 ጋሎን ተኩል ሄዷል።

ናቲ_ታንክለስ

ታንከር የሌለው ቦይለርስ? ውሃ ስትከፍት የሚሞቀው ዓይነት።

ሮኪ_ሜካኒክ

እሱን በመመሪያው ብቻ። ሙቀት መለዋወጫው ቀጭን ነው፤ ውስጡ የሚቀር ትንሽ ውሃም ይከፍለዋል። ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፦ አንዳንዱ ፒንኩ በውስጡ እንዲያልፍ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ የራሱ ማፍሰሻ አለው። የማይለየው ነገር ጋዙና 12 ቮልቱ ጠፍተው መሠራቱ ነው፤ ውሃ ሲያልፍበት ራሱን ያስነሣልና። መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አውጥተህ እጠባት።

ሚኒያፖሊስ_07

መስመሩን ሳይዘጉ ዊንተሩን ሙሉ ካምፐር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳሎን ውስጥ አድርጎ የጋዙን ፈርነስ ማጥፋት ቧንቧ ያፈነዳል። የፈርነሱ ቱቦ ነው ከወለሉ ሥር ሞቃት አየር የሚልከው፤ ታንከሮቹና መስመሩ የሚድኑት በእሱ ነው። ሳሎኑ 70 ሆኖ ወለሉ ሥር በረዶ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንዴ ታንከሩን ሙላና የከተማ ጎማውን ነቅለህ አስገባው፤ ወይም የሚሞቀውን ጎማ ግዛ፣ ግን የሚሰካበት የካምፑ ቧንቧ ራሱ እንዳይረጋ አስብ። የግሬይ (የሲንክና የሻወር ቆሻሻ ውሃ) ታንከሩን መልቀቂያ ክፍት አትተው፤ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ጎማው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይረጋል፤ በመጨረሻ ሙሉ የበረዶ ቡሽ ይሆናል። ዝጋው፣ ሲሞላ በአንዴ ልቀቀው። ማታ የሲንኩን ሥር በሮች ክፈት።

ጋሽ_ቧንቧ

ትክክል። ታንከሩ ውስጥ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ሜታኖል ነው፣ ይቅርባችሁ።

ዳሞት_26

ለኤፕሪል አሁኑኑ ልጻፈው፦ ፒንኩን እንዴት ነው የማስወጣው?

ጋሽ_ቧንቧ

የመጨረሻው ከባድ ውርጭ ሲያልፍ። ኮሎራዶ ላይ ኤፕሪል ውስጥም ሌሊቱ ይወርዳልና አትቸኩል።

ባይፓሱን እንዳለ ተወው፤ ፒንኩ መጀመሪያ ከመስመሩ ይውጣ፣ ቦይለሩ ውስጥ ምን አገባው። ንጹህ ውሃ አገናኝ፣ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ውሃው ጥርት እስኪል አፍስስ፤ አረፋ ካየህ ገና ነው። ከዚያ አኖዱን በሁለት ሦስት ዙር ቴፍሎን አስረህ መልስ፣ ባይፓሱን አዙር፣ ቦይለሩ ይሙላ። ሙቁ ቧንቧ አየሩን ተፍቶ ጨርሶ ድፍን ውሃ ሳይሰጥ የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ እንዳታበራ።

በክሎሪን ማጠቡ ፒንኩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሁለቱን አታገናኝ። ሽታ የሌለው ተራ የቤት ክሎሪን፣ ለየ15 ጋሎን የታንከር መጠን ሩብ ኩባያ፣ አስቀድሞ በባልዲ ውሃ በጥብጠህ። ታንከሩን ሙላ፣ በየቧንቧው ክሎሪኑ እስኪሸት አፍስስ፣ 4 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ደፍተህ በንጹህ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ እጠብ። የማጣሪያ ካርትሪጁን ከዚህ ሁሉ በኋላ አስገባ።

በመጨረሻ ፓምፑን አስነሥተህ ሁሉንም ዝጋና ዝም ብለህ አዳምጥ። ማንም ውሃ ሳይከፍት በየጥቂት ደቂቃው ጭር እያለ የሚነሣ ከሆነ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ከሽንት ቤቱ ጀርባ በደረቅ ሶፍት ዳስሰህ ጀምር።

ሮኪ_ሜካኒክ

ታጥቦ የሚወጣው ፒንክ የመንገድ ውሃ መውረጃ ውስጥ አይፈስስም፤ እሱ በቀጥታ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው። ወደ ግሬይ ታንከሩ ይግባና ማራገፊያ ጣቢያ ላይ ይደፋ። ከአራቱ የተረፈህን ጋሎን ክዳኑን አጥብቀህ አስቀምጠው፤ ለሚቀጥለው ዓመት የመውረጃ ቁልምሞች ይሆናል።